ሉዊጂ ለምን ይንሸራተታል? በደብረ ብርሃን ጌም ቤት የተጀመረ ክርክር

ይህን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት ተናድጄ ነው፤ ይህን ሳልደብቅ ልጀምር። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከወንድሜ ጋር የምንሠራባት አንዲት ጠባብ ጌም ቤት አለችን። ደንበኞቻችን በአብዛኛው የሚመጡት ለእግር ኳስ ነው፤ ጥጉ ላይ ግን አክስታችን ከአሜሪካ ያመጣችልን ዊ የሚባል አሮጌ የኒንቴንዶ ጌም ማሽን ተቀምጧል። የመጀመሪያዎቹ የዊ ሞዴሎች ከእርሱ በፊት የነበረውን ማሽን የጌምኪዩብን ዲስክ ስለሚያነቡ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 የወጣውን «ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ ሜሌ»ን የምንጫወተው በእርሱ ነው።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ ይህ ጨዋታ ሕይወት የሚባለውን መስመር እየሸራረፉ የሚያሸንፉበት አይደለም። በተመታህ ቁጥር በስምህ ሥር ያለው መቶኛ ይጨምራል፤ መቶኛው በጨመረ መጠን የሚቀጥለው ምት አርቆ ይወረውርሃል፤ ከመድረኩ ተገፍቶ ከማያው የወጣ አንድ ነፍስ ይቀነስበታል። ስለዚህ ከመምታት ይልቅ የት መቆም እንዳለብህ ማወቅ ይበልጣል። እኔ እስከዚያች ማታ ድረስ የማውቀው መምታት ብቻ ነበር።

በኅዳር መጨረሻ አንድ የሰፈራችን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከጨዋታው ተዋጊዎች ሉዊጂን መርጦ አራቱንም ነፍሴን ወሰደ፤ እርሱ አንዲት እንኳ አልከፈለም። አልሮጠም፣ አልተራመደም። ፊቱን ወደ እኔ እንዳዞረ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ምቴ አየር ሲቀዝፍ ተንሸራትቶ ይመለስና ያነሣኛል። ሉዊጂ ሲሮጥ ከዘገምተኞቹ ወገን ነው። ሲንሸራተት ግን ማንም አይደርስበትም። ያን ሌሊት ቤቴ ገብቼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ሁለት ነገር ጻፍኩ፤ ይህ የጨዋታው ስህተት ነው፣ ስህተት ከሆነ ደግሞ ለገና ባሰብነው ውድድር ሊከለከል ይገባል። ከሥሩ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ ከሁሉ ተለይቶ ለምን ሉዊጂ?

የመጣውን ሁሉ በቁጥሩ እያስከተልኩ አወራለሁ። የራሴንም መልሶች አልደብቅም፣ አንዳንዶቹ ባያስመሰግኑኝም።

1ኛው መልስ ከደብረ ሲና ነበር። ጸሐፊው በ«እርስዎ» እያከበረኝ፣ ነገሩ ስም እንዳለው ነገረኝ፦ ዌቭዳሽ። ተዋጊው ይዘላል፤ እግሩ ከመሬት እንደለቀቀ በአየር ላይ ማምለጫውን በሰያፍ ወደ መሬት ይጫናል፤ ከዚያ ይንሸራተታል። ስህተት ነው ማለቴ ግን እንዳልተስማማው፣ የጨዋታው መሪ ንድፍ አውጪ ማሳሂሮ ሳኩራይም በሥራው ወቅት እንዳዩት መናገራቸውን ጨመረ። አይቶ መተው ከመርሳት ይለያል ባይ ነው።

2ኛው መልስ አንድ መስመር ነው። ይከልከል ይላል። ይህን ሰው ወደድኩት።

3ኛው መልስ ግን ክርክሩን ሁሉ የቀየረው ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ ያለች ልጅ የጻፈችው ሲሆን፣ ስለ ስህተትነቱ ከመከራከር ይልቅ ነገሩን ፈታትታ አሳየችን። ሽርተታው ለብቻው የተሠራ እንቅስቃሴ እንዳልሆነ፣ ሦስት ሕጎች ሲገናኙ የሚወለድ መሆኑን አስረዳች። የመጀመሪያው ሕግ፣ ማንም ተዋጊ ከመዝለሉ በፊት ጉልበቱን ለጥቂት ፍሬም፣ ማለትም ለጥቂት የማያ ምስል፣ ያጥፋል። ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም ይሥላል፤ ፎክስ ለ3 ፍሬም ብቻ ሲያጥፍ ሉዊጂ ለ4፣ ግዙፉ ባውዘር ደግሞ ለ8 ያጥፋል። ሁለተኛው፣ አየር ላይ ሆነህ የመከላከያውን ቁልፍ ከአቅጣጫ ጋር ስትጫን ማምለጫ ይሆንና ወደዚያ አቅጣጫ ትወረወራለህ፤ የውርወራው መነሻ ፍጥነት ለወፍራምም ለቀጭንም አንድ ነው። ሦስተኛው፣ በውርወራው መሀል መሬት የነካ ተዋጊ ለ10 ፍሬም ምንም ማድረግ ሳይችል ያርፋል፤ ያ ሁሉ ሲሆን ግን ፍጥነቱ አይሰረዝም። ሰበቃ እስኪጨርሰው ድረስ ይሄዳል። ለምን ሉዊጂ ለሚለው ጥያቄዬ መልሱ እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ ጨዋታ ውስጥ እንደ ሉዊጂ መሬት የማይቆነጥጥ ተዋጊ የለም።

እዚያው ላይ አንድ ነገር አከለች፤ እኔ እስከ ዛሬ የማስበው እርሱን ነው። ሩጫ ላይ ያለ ተዋጊ የሚፈቀድለት ጥቂት ነው፤ ሊዘል፣ ሊይዝ፣ ሊከላከል ወይም በሩጫ ምት ሊገባ ይችላል፣ የቆመ ሰው የሚመታቸውን ምቶች ግን እንዳሻው አያገኛቸውም። ተንሸራታቹ ከ10ሩ ፍሬም በኋላ ለጨዋታው እንደ ቆመ ሰው ይቆጠራል። እየተጓዘ የቆመ ሰው። ፊቱንም ስላላዞረ ወደ ኋላ እየሸሸ ወደ ፊት ይመታል። የሰፈሬ ልጅ እንዴት እንዳዋረደኝ በሁለት አረፍተ ነገር ገባኝ።

4ኛው መልስ ከእነዋሪ መምህር ነው። የሦስተኛዋን ጽሑፍ አመስግነው፣ ሰበቃን ለተማሪዎቻቸው የሚያስረዱት በመረሬ መሆኑን ጻፉ። ነሐሴ ላይ ሁለት ሰዎችን እኩል ብትገፋቸው፣ አዲስ በረባሶ ያደረገው ሁለት እርምጃ ሄዶ ይቆማል፤ ሶሉ ያለቀበት ግን እስከ ጎረቤት አጥር ድረስ ይደርሳል። ገፊው አላዳላም፣ ያዳላው ሶሉ ነው። ሉዊጂ በሕይወቱ ሙሉ ነሐሴ ላይ የሚኖር ሰው ነው ብለው ዘጉት። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላየሁም፤ ጌም ቤታችን ግድግዳ ላይም ጽፌ ለጥፌዋለሁ።

5ኛው ጸሐፊ በኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳ የሚጫወት ነበርና ሽርተታው ለምን አጭር እንደሚሆንበት ጠየቀ። 6ኛው መልስ የተማሪዋ ነው፤ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ሁለት ቀስት አንድ ላይ ሲጫን አቅጣጫው 45 ዲግሪ ይሆናል፣ ከጉልበቱ ከፊሉ ወደ መሬት ይባክናል። በጆይስቲክ ግን ዱላውን ወደ አግድም እያስጠጉ እስከ 17 ዲግሪ ገደማ ማውረድ ይቻላል፤ ረጅሙ ሽርተታ ያለው እዚያ ነው።

ከዚህ በኋላ ወሬው ከጉዳዩ ትንሽ ሸሸ። 7ኛው ጸሐፊ ዌቭዳሽ የሚለው ቃል ለአማርኛ አፍ አይመችም፣ «የማዕበል ሩጫ» ይባል አለ። እኔ 8ኛ ሆኜ ልጆቹ «ሸርተቴ» እንደሚሉት ጻፍኩ። 9ኛው ሸርተቴ የሕፃናት መጫወቻ ነው ብሎ ተቆጣ፤ 10ኛው ታዲያ ይህስ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው። ለቃሉ የተዋጉት ያህል ለጨዋታው ቢዋጉ ኖሮ የገናው ዋንጫ የእነርሱ ነበር። በበኩሌ ከዚህ በኋላ ሸርተቴ እላለሁ።

11ኛው መልስ ወደ ጉዳዩ መለሰን። ጸሐፊው የተከታታዮቹን ጨዋታዎች ታሪክ የሚያውቅ ሰው ነው። በ1999 በወጣው የመጀመሪያው ጨዋታ የአየር ላይ ማምለጫ ጭራሹን አልነበረም፤ እርሱን ያመጣው ሜሌ ነው። በ2008 በወጣው «ብሮል» አቅጣጫ የሚሰጠው ማምለጫ ተነሣና ሸርተቴ ሞተ፤ በዚያ ላይ ተዋጊው ለሩጫ ሲነሣ አንዳንዴ በዕጣ ተደናቅፎ የሚወድቅበት ሕግ ተጨመረ። በ2018 «አልቲሜት» ሲመጣ ማምለጫው አቅጣጫውን መልሶ አገኘ፣ ነገር ግን ማረፊያው ስለረዘመ ሸርተቴ ትርፉ ከኪሳራው አነሰ፤ ጉልበት ማጠፉም ለሁሉም ተዋጊ 3 ፍሬም ሆነ። በአንጻሩ በ2017 በወጣው «ራይቫልስ ኦቭ ኤተር» ላይ ሠሪዎቹ ሸርተቴን ሆነ ብለው ከመሠረቱ አስገቡት። ጸሐፊው የሚለው ይህ ነው፦ አንዱ ያፈረበትን ሌላው አባቱ ነኝ ብሎ ተቀበለው፣ ስለዚህ ስህተት ነው አይደለም የሚለው ጭቅጭቅ የትም አያደርስም። አልተዋጠልኝም ነበር። አሁን ግን ልክ ነው እላለሁ።

12ኛው መልስ ከሸዋ ሮቢት መጣ፤ በጥሩ ሰላምታ ጀመረ። እርሱና ጓደኞቹ ዊም ጌምኪዩብም አይተው አያውቁም፤ የሚጫወቱት በስልክ፣ በነፃ የሚገኘውን «ብራውልሃላ»ን ነው። እዚያም እንቅስቃሴ ሁሉ ነገር መሆኑን ተረከ። አየር ላይ እንዳለህ በቦታህ ማምለጫውን ብትጫን ለቅጽበት ስበት ይለቅሃል፤ በዚያች ቅጽበት መሬት ላይ ብቻ የሚፈቀደውን ምት አየር ላይ ትመታለህ። ይህም ልክ እንደ ሸርተቴ አንዱን ሕግ ለሌላው መሰላል ማድረግ አይደለምን ሲል ጠየቀ። ችግሩ ሙቀቱ ነው፤ ቀትር ላይ አውራ ጣት ያልብና መስተዋቱ ላይ ትእዛዝ ይስታል።

13ኛውን መልስ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ባልጻፍኩት ኖሮ። የስልክ ጨዋታ ጨዋታ አይደለም፣ ጆይስቲክ ያልጨበጠ ሰው ስለ ፍሬም ባያወራ ይሻላል አልኩ።

14ኛው መልስ ከዚያው ከሸዋ ሮቢት ነበር፤ እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» የነበርኩት ሰው በአንዴ «አንተ» ሆንኩ። አክስቱ ከአሜሪካ ያመጣችለትን ዕቃ የራሱ ላብ ያመጣው እንደሚመስለኝ፣ አራት ነፍስ ለሕፃን አስረክቦ ሕግ ለማስለወጥ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ስለ ጨዋታ ክብር ሊያስተምር እንደማይችል ጻፈ። ከዚህ የባሰም ነበረው፤ አልደግመውም። 15ኛው እርሱን ደገፈ፣ 16ኛውም እርሱን ደገፈ። 2ኛው ሰውዬ እንኳ፣ ያ የወደድኩት፣ ተመልሶ መጥቶ ከእነርሱ ጋር ቆመ። 18ኛ ሆኜ ይቅርታ ጠየቅኩ። ተቀበለኝ፤ «አንተ» ግን አልተነሣልኝም።

19ኛው መልስ ነገሩን ያረገበው ነው። የጻፉት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ የውይይቱን ክር የልጅ ልጃቸው እንዳነበበላቸውና እርሳቸው እንዳስጻፉት ገለጹ፤ እኛም ጋሼ እያልን ነው የመለስንላቸው። ስለ ጨዋታው አንዳች አያውቁም፤ ጉግስ ግን ጎበዝ ሳሉ ተጫውተዋል። ልጆቹ እንደነገሯቸው ተዋጊዎቹ አንዱ ሌላውን እየሸሹ፣ እየተመለሱ፣ አየር እያስመቱ የሚያሸንፉ ከሆነ፣ ይህ አዲስ ነገር አይደለም አሉ። ጉግስ ላይ ዘንጉን ቀድሞ የሚወረውር ባዶ እጁን ይቀራል። ብልሁ ፈረሱን የሚይዘው ዘንግ ከሚደርስበት ልክ አንድ ክንድ ራቅ አድርጎ ነው፤ እንደሚገባ ያሳያል፣ አይገባም፤ ያኛው ሲሳሳትና ሲወረውር ያን ጊዜ ልጓሙን ይለቃል። የሚያቅተው ፈረስን ማስሮጥ ሳይሆን በሩጫ መሀል ማዞር ነው፤ ሩጫው ከጠና በኋላ ፈረስ ለመዞር መጀመሪያ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት።

ተማሪዋ 20ኛ ሆና ስትመለስ ደስታዋ ከጽሑፏ ያስታውቅ ነበር። ጋሼ ሳያውቁት ዳሽ ዳንስ የሚባለውን ነገር አስረድተዋል አለች። ሜሌ ላይ ተዋጊ ሲነሣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬሞች መነሻ ይባላሉ፤ ለፎክስ 11፣ ለማርስ 15 ናቸው። በእነርሱ ውስጥ ዱላውን ወደ ኋላ ከመለስክ ተዋጊህ ያለ አንዳች ፍሬን ይዞራል፤ ካለፉ በኋላ ግን ወደ ሙሉ ሩጫ ይገባና ለመዞር ይንፏቀቃል። ከጠላት ምት ልክ አንድ ክንድ ርቆ ወዲያና ወዲህ ማለት የሚቻለው በመነሻው ውስጥ ብቻ ነው። ማርስ ደግሞ ሰይፈኛ ነው፤ ከሰይፉ ሁሉ ጠንክሮ የሚመታው ጫፉ ስለሆነ ርቀት መጠበቅ ለእርሱ መከላከያም ማጥቂያም ነው። ጋሼ ለዚህ የሰጡት መልስ አጭር ነበር፤ ዘንግም እንደዚያው ነው፣ በመሀሉ የመታ አልመታም።

22ኛው መልስ ከማውራት ወደ መለካት ወሰደን። ጸሐፊው ስልኩ በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ሰው ሁሉ ፍሬም መቁጠር እንደሚችል አሳየ፦ ጣትህና ቴሌቪዥኑ በአንድ እይታ እንዲገቡ አድርገህ ቅረጽ፤ የጨዋታው አንድ ፍሬም በስልኩ አራት ምስል ይሆናል፤ ከዚያ ምስሉን አንድ በአንድ እያሳለፍክ ቁጠር። እኔም ወንድሜን ስልክ አስይዤ ሦስት ማታ ቆጠርኩ። 23ኛው መልስ የዚያ ውጤት ነው። ሸርተቴ ስሞክር ማምለጫውን የምጫነው ሉዊጂ ከመሬት ከለቀቀ ከ3 ፍሬም በኋላ ነበር፤ ስለዚህ ወደ ላይ ከፍ ብዬ፣ ከላይ ወርጄ፣ ሽርተታዬ ሁሉ በአየር ላይ አልቆ እደርሳለሁ። ሌላም ነገር አገኘሁ፤ ጣቴ ቁልፉን ከተጫነ በኋላ ሉዊጂ ጉልበቱን እስኪያጥፍ ድረስ በስልኩ 34 ምስል አለፈ። ከስምንት ፍሬም በላይ ነው። ጥፋቱ የጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ነው ብዬ አወጅኩ። ተገላገልኩ ማለት ነው።

አልተገላገልኩም። 24ኛው መልስ የተማሪዋ ሲሆን ከሁሉ የሰላው እርሱ ነው። ሸርተቴ የሚሠራው በጣት ምት እንጂ በዓይን አይደለም፤ ዝላዩን የተጫነው ጣት ማምለጫውን ስንት ቆይቶ እንደሚጫን የሚቆጥረው ከራሱ ነው፣ ማያው አንድ ሰዓት ቢዘገይ እንኳ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አይለወጥም አለች። የዘገየ ቴሌቪዥን የሚጎዳው አይቶ መመለስን ነው። ልጁ ምት ሲስት አይቼ የምገባበትን ቅጽበት ሰርቆኛል፤ 3ቱን ፍሬም ግን የሰረቀኝ ማንም የለም። በመጨረሻም ጊዜ ካለኝ ከቴሌቪዥን ይልቅ ኤል ካንስልን እንድለማመድ መከረችኝ፤ ከአየር እየመቱ ሲወርዱ መሬት ከመንካት በፊት ባሉት 7 ፍሬሞች ውስጥ መከላከያውን መጫን ማረፊያውን በግማሽ ያሳጥራል። ካፒቴን ፋልከን የተባለው ተዋጊ በጉልበቱ መትቶ ሲያርፍ 19 ፍሬም የሚቆመው ወደ 9 ይወርዳል። እኔ ይህን ቁልፍ ለዚህ ተጭኜው አላውቅም ነበር።

ያም ሆኖ ለቴሌቪዥኑ ያዘነ ተገኘ። 25ኛው ጸሐፊ ጠፍጣፋዎቹ የሚዘገዩት የአሮጌ ማሽንን ምስል ተቀብለው፣ አስፍተውና አሳምረው ስለሚያሳዩ መሆኑን፣ ሳጥን ቴሌቪዥን ግን የመጣለትን ወዲያው ስለሚተኩስ የሜሌ ተጫዋቾች በዓለም ዙሪያ እርሱን እንደሚፈልጉ ጻፈ። 26ኛው የመሐል ሜዳ ሰው ነው፤ ቤታቸው አንድ ሳጥን ቴሌቪዥን አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፣ እናቱ የእህል ማስቀመጫ ከድነውበታል፤ ለሚፈልገው ይሰጠዋል። እኔ እፈልጋለሁ አልኩ። 28ኛው ከደብረ ሲና ያ የመጀመሪያው ሰውዬ ነበርና የአሜሪካ ዊ ለ110 ቮልት የተሠራ እንደሆነ፣ አንድ ወዳጁ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ሰክቶ በአንዲት ጭስ እንደጨረሰው አስጠነቀቀ። ትራንስፎርመርስ አለን። ከዚያ ስለ ትራንስፎርመር፣ ከትራንስፎርመር ስለ መብራት መጥፋት፣ ከመብራት ስለ ማገዶ ዋጋ ስድስት መልስ ተጻፈ። አልፌዋለሁ።

35ኛው መልስ የሰፈሬ ልጅ ነበር። ክሩን ሲያነብ እንደቆየ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ጋሼ ብሎ ጀመረ፤ ከእኔ ጋር ሲሆን እንደዚያ ነው የሚለኝ፣ ሰላሳ ሦስት ዓመቴ ቢሆንም። ሸርተቴን የተማረው ሌላ ምስጢር ኖሮት አልነበረም። መጀመሪያ የሚወደው ፎክስን ነበር፤ ፎክስ ግን ዝቅ ያለ ዝላይ እንዲዘል ጉልበቱ በሚታጠፍባት በ3 ፍሬም ውስጥ ቁልፉን መልቀቅ ያስፈልጋል፣ በደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ጣት እንደዚያ አይታዘዝም። ስለዚህ አንዲት ፍሬም የምትጨምረውን ሉዊጂን መረጠ። ከትምህርት ቤት ሲመጣ እጁን መጀመሪያ የእናቱ የቡና ከሰል ላይ ያሞቃል፤ እኔን ግን ከበር ገብቼ በቀጥታ ጆይስቲክ እንደምይዝ ጻፈብኝ። የሸዋ ሮቢቱ ሰው ይህን ሲያነብ ሙቀቱን ለግማሽ ቀን ሊያበድረን ተስማማ። ክሩ ላይ ሁላችንም አብረን የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

ቴሌቪዥኑ ቅዳሜ ደረሰ። ከመሐል ሜዳ በጣርማ በር በኩል በአውቶቡስ መጥቶ፣ በባና ተጠቅልሎ፣ ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ጠይቆበት። ባናውን እንድንመልስ ቀጭን ትእዛዝ አብሮት መጥቷል። አብርተን ለካን፤ 34 የነበረው ምስል ወደ 14 ወረደ፣ አምስት ፍሬም አተረፍን። ግን ቀለም የለም። የእኛ ዊ ቀለሙን የሚልከው በአሜሪካው ሥርዓት ነው፣ ያ ቴሌቪዥን ደግሞ ፓል የሚባለውን ሌላ የቀለም ሥርዓት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ብቻ አሳየን። ወንድሜ ሳቀ። ልጁ እጁን አሙቆ መጥቶ ሉዊጂን መረጠ፣ እኔ ማሪዮን። አረንጓዴውም ቀዩም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ከመድረኩ ላይ ቆሙ፤ የትኛው የእኔ እንደሆነ ጠፋኝ። ሁለታችንም ወደ ኋላ ተንሸራተትን፤ አንዱ ጥቂት ሄዶ ቆመ፣ ሌላው እስከ ጠርዝ ድረስ ሄደ። የቆመው እኔ ነበርኩ።

ይህን 41ኛ አድርጌ ጻፍኩት። ሽርተታዬ ግን ንጹሕ ነበር፣ አንዲት ፍሬም አልዘገየሁም ብዬም ጨመርኩ። 42ኛው መልስ የእነዋሪው መምህር ነው፤ ሰበቃን ተረድተሃል ብለውኝ ሲያበቁ፣ ሁለቱን ለመለየት ግን ያን ያህል መድከም አያስፈልግም ነበር፣ ሉዊጂ ከማሪዮ በቁመት ይረዝማል ብለው ጻፉ።